ጨዋችን ላይ ቁጥሩን ጻፉልን

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለጤና ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ በገበታ ጨው ውስጥ ስላለው የአዮዲን መጠንና ያለ ማዘዣ ስለሚሸጠው የአዮዲን ጠብታ

የተከበራችሁ የሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ማስገባት እችል ነበር። በአደባባይ የጻፍኩት፣ ነገሩ የእናንተን ያህል ጨው ቸርቻሪውንም፣ ወጥ ሠሪዋንም፣ ከባሕር ማዶ ለእናቷ ጠርሙስ የምትልከውንም ልጅ ስለሚመለከት ነው። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ውሎዬ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ነው። ከዚያ ሆኜ የማየውን ይዤ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ አዮዲንን በቁጥር ንገሩን። በጨው ከረጢት ላይ «አዮዲን ያለው» መባሉ አይበቃም፤ ስንት እንዳለው ይጻፍ። በጠብታና በእንክብል መልክ በሚሸጠውም ላይ በአንዲት ጠብታ ወይም በአንድ ፍሬ ውስጥ ስንት ማይክሮ ግራም እንዳለ፣ ለማን እንደማይሆንም ጭምር፣ ሰው በሚያነበው ቋንቋ ይስፈር። መጠኑ ከፍ ያለው ደግሞ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመደርደሪያ አይውረድ።

ቁጥር ቁጥር የምለው፣ አዮዲን ሲያንስም ሲበዛም የሚጎዳው ያንኑ አንድ ዕጢ ስለሆነ ነው። አንገታችን ሥር ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ ካላገኘ ያገኘውን ሁሉ ልያዝ ብሎ ያብጣል፣ እንቅርት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ማይክሮ ግራም ይበቃል ይላል። ይህ በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው። አንድ ሰው 70 ዓመት ሙሉ በየቀኑ የሚያስፈልገውን ቢወስድ ተደምሮ 4 ግራም አይሞላም። እንዲህ ያለ ጥቂት ነገር በግምት አይሰፈርም።

በእኛ አገር ደግሞ ይህ ጥቂት ነገር ከምግባችን ራሱ እንደ ልብ አይገኝም። የደጋው አፈር በዘመናት ዝናብና ጎርፍ ታጥቦ አዮዲኑን አጥቷል፤ አፈሩ የሌለውን እህሉ ከየት ያመጣል? የፈረንጅ አገር ሰው ከወተትና ከባሕር ዓሣ ብዙውን ያገኛል። የእኛ ጿሚ ግን የዓመቱን ግማሽ ያህል ወተትም እንቁላልም አይቀምስም። እንጀራችን ጨው የለውም። ጎመናችን፣ የማንተወው የሐበሻ ጎመን፣ አዮዲን በቂ ባልሆነበት ሰውነት ውስጥ ዕጢው ያችኑ ጥቂት እንዳይስብ ከሚያደርጉት የአትክልት ወገን ነው። (ጎመን ተዉ እያልኩ አይደለም፤ አዮዲኑ ከተሟላ ጎመኑ አይጎዳም።) ዞሮ ዞሮ ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው ወጡ ውስጥ በምትገባው ቁንጥር ጨው ላይ ነው።

ጨዋችን ከየት እንደሚመጣ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፤ ይህን የሚያነበው ሌላው ሰው ግን ላያውቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. እስከ 1998 ድረስ የምንበላው ጨው በአብዛኛው የሚመጣው ከአሰብና ከምጽዋ ሲሆን አዮዲን ይጨመርበት ነበር። የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ጨው ማምረቱ ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ዞረ። የአፍዴራ ጨው ነጭና ጥሩ ጨው ነበር፤ አዮዲን ግን አልነበረውም። ስለ ጦርነቱ ሲወራ የሞተውና የተፈናቀለው ይነሣል፤ በዚያው ሰበብ በዝምታ ከወጣችን ውስጥ የወጣውን አዮዲን ሲያነሣ የሰማሁት ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በብዙ ክልሎች በተደረገው ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ከ100ው 40 ያህሉ እንቅርት ተገኘባቸው። እንቅርቱ በዓይን የሚታየው ነው። የማይታየው ይብሳል፤ ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ ዕጢ ሥራ እስኪጀምር ድረስ አንጎሉን የሚሠራው በእናቱ ሆርሞን ነው። እናቲቱ ከጎደለባት የልጁ አእምሮ ይጎድላል፤ ከተወለደ በኋላ የሚሰጠው ምንም ዓይነት ጠብታ ያንን አይመልስም። ብዙዎቹ እናቶቻችን ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ የሚደርሱት ደግሞ አራትና አምስት ወር ከሞላቸው በኋላ ነው። በጊዜ የሚደርስላቸው ከእርግዝና በፊትም፣ ከጋብቻም በፊት የሚበሉት ጨው ብቻ ነው።

ስለዚህ መንግሥት በ2003 ዓ.ም. የጨው አዮዲን ደንብ ቁጥር 204ን ሲያወጣ ያደረገው ትልቅ ነገር ነው፤ ለማመስገን አልሰስትም። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው እ.ኤ.አ. በ2011 አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከ100ው 15 ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 89 ደረሱ። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ ያሳዩ የጤና ሥራዎች በአገራችን ብዙ አይደሉም።

ነገር ግን ያ 89 በጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ስንት እንደሆነ ሳይሆን መኖሩን ብቻ የሚናገር ቁጥር ነው። ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ ያየ ሰው ይገባዋል። ከቤት ቁንጥር ጨው በሰሐን ላይ ይደረግና ከትንሽ ጠርሙስ ፈሳሽ ጠብ ይደረግበታል። ወዲያው ወደ ሰማያዊ፣ ወደ ወይን ጠጅ ከተለወጠ «አለው» ተብሎ ይመዘገባል። ቀለሙ ደመቅ ያለ እንደሆነ ሰው ብዙ አለ ብሎ ይገምታል፤ የፈሳሹ ነገር ግን በግምት አይታመንም። በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ 5 ሚሊ ግራም ይኑር ወይስ 40፣ እሱን በእርግጠኝነት የሚነግረን በላቦራቶሪ የሚሠራው ልኬታ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ጨው በቤት ደረጃ ቢያንስ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ይያዝ ይላል። ሒሳቡን እዚሁ እንሥራው፦ በቀን እንዲበላ ከሚመከረው ከ5 ግራም ያልበለጠ ጨው 150 ማይክሮ ግራም ለማግኘት ጨው በኪሎ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን መያዝ አለበት። 15 ከሆነ ግማሹን ነው የምናገኘው። 5 ከሆነ 25 ማይክሮ ግራም፤ ነፍሰ ጡር ከሚያስፈልጋት አንድ አሥረኛው። ሦስቱም ጨው ግን ጠብታው ሲያርፍበት ሰማያዊ ይሆናል፣ ሦስቱም ከረጢት ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ።

እዚህ ላይ አምራቹን ብቻ መክሰስ አይገባም። አዮዲን በሐሩር ጸሐይና በእርጥበት ይጠፋል፤ ከአፍዴራ ተነሥቶ ደጋ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ አስቡት። በየሰፈሩ ሱቅ ደጃፍ ላይ አፉ ተከፍቶ፣ ከሳሙናው ጎን ፀሐይ ላይ የቆመውን ከረጢትም አስቡት፤ ባለሱቁ በጣሳ እየጨለፈ በፌስታል ይሸጠዋል። ከዚያም እቤት ይገባል። እናቶቻችን የጨው ድቃቂ ቆሻሻ አለው ብለው ያጥቡታል፣ ምድጃ አጠገብ ክዳን በሌለው ዕቃ ያስቀምጡታል። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው አብሮ ገብቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይፈጫል፣ ዓመት ይቀመጣል፤ የአንድ ቤት ጨው እኩሌታው በዚህ መንገድ ቢገባ አዮዲኑ ምን ሊቀረው? ሬዲዮ ላይ «አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ» ከማለት አልፎ ጨው በክዳን ይቀመጥ፣ ወጥ ሊወጣ ሲል ይጨመር፣ አይታጠብ የሚል ትምህርት ቢደጋገም ምንም ወጪ የለውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን በቤት ውስጥ ቆመው ማሳየት የሚችሉ ናቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ ጠብታው ልምጣ። ደብዳቤውን ለመጻፍ ያስቸኮለኝ እሱ ነው።

አንዲት እናት ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው የኖረ እንቅርት አለ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይሸፍኑታል። የመጡት የእንቅልፍ መድኃኒት ሊገዙ ነው። ገንዘቡን ሲሰጡኝ ብሩ በእጃቸው ላይ ይርገበገባል። ከስተዋል፤ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል።

«እማማ፣ ያመምዎት ነገር አለ?» አልኳቸው።

«ልቤ እንዲህ ድው ድው ይላል ልጄ። ሌሊቱን ሙሉ። ያቃጥለኛል፣ ያልበኛል፤ በዚህ ብርድ።»

የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት እንዳለ ጠየቅኳቸው። ምንም የለም አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን «መድኃኒት እንኳ አይደለም፣ ቫይታሚን ነው፤ ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝ» ብለው ከመቀነታቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለች ቡናማ ጠርሙስ አወጡ። መክደኛዋ ላይ ማንጠባጠቢያ አለ። ሉጎል የሚባለው የአዮዲን ጠብታ ነው፣ 5 በመቶ። ልጅቱ በስልክ ከአንድ ቪዲዮ ላይ ሰምታ፣ «ለእንቅርት ነው፤ ጠዋት ጠዋት አምስት ጠብታ በውኃ ጠጪ» ብላቸዋለች። ልጅቱን አልወቅሳትም፤ እናቷን ስለምትወድ ነው ብሯን አውጥታ የላከችው።

አሁን ያንን ጠርሙስ በቁጥር እንየው። ከ5 በመቶው ሉጎል አንዲት ጠብታ 6 ሚሊ ግራም ያህል አዮዲን አላት። 6 ሚሊ ግራም ማለት 6,000 ማይክሮ ግራም ነው፤ የአንድ አዋቂ የ40 ቀን ድርሻ በአንዲት ጠብታ። እኚህ እናት በየማለዳው የሚጠጡት አምስቱ ጠብታ የ200 ቀን ድርሻ ነው። በአሜሪካ ለአዋቂ ከዚህ አይለፍ ተብሎ የተቀመጠው ጣሪያ በቀን 1,100 ማይክሮ ግራም ነው፤ በአውሮፓ 600። ጠርሙሱ ላይ በመቶኛ እንጂ በማይክሮ ግራም የተጻፈ ነገር የለም። መቶኛ ለኬሚስት ነው የሚነግረው፤ ለእማማ ምን ይነግራቸዋል?

ጤናማ የሆነ ዕጢ እንዲህ ያለ ጎርፍ ሲመጣበት ለጊዜው በሩን ዘግቶ ሆርሞን ማምረቱን ያቆማል፤ ከቀናት በኋላ ወደ ሥራው ይመለሳል። የበሩን መዘጋት ዎልፍና ቻይኮፍ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1948 አሳይተውታል። በሁለት ዓይነት ሰዎች ላይ ግን ጨዋታው ይለወጣል። ዕጢያቸውን የራሳቸው የሰውነት መከላከያ የሚያጠቃባቸው ሰዎች (ሐሺሞቶ የሚባለው በሽታ) በሩ ተዘግቶባቸው ይቀራል፤ ሆርሞናቸው ይጎድላል፣ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ሳይበሉ መወፈር ይመጣል። በማሕፀን ያለ ልጅም ከዚህ ወገን ነው፤ በሩን መልሶ ለመክፈት ገና አልጠናም። በሌላ በኩል ደግሞ ለዓመታት በአዮዲን እጦት የቆየና ጉብታ ጉብታ ያወጣ እንቅርት ያለበት ሰው አለ። በዚያ እንቅርት ውስጥ ለማንም ትዕዛዝ የማይገዙ ክፍሎች ተፈጥረዋል፤ አዮዲን በብዛት ሲመጣላቸው ያለ ልክ ሆርሞን ያመርታሉ። ልብ ይሮጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሥጋ ይቀልጣል። ብዙ ዕድሜ ባለው ሰው ላይ የልብ ምቱን አዘበራርቆ ለሞት ሊያበቃ ይችላል።

የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ለጠብታው ቀድሞ እጁን የሚዘረጋው እንቅርት ያለበት ሰው ነው። ጠብታው ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳውም እሱኑ ነው። ለአሥርት ዓመታት በአዮዲን እጦት በኖረ አገር ደግሞ እንዲህ ያሉ አንገቶች በየሰፈሩ አሉ።

ይህ ከሰማይ የወረደ አዲስ ነገር አይደለም። ኩርቱዋ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1811 ከባሕር ተክል አመድ አዮዲንን ካገኘ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1820፣ ኩዋንዴ የተባለ የጄኔቫ ሐኪም ለእንቅርት በጠብታ ማዘዝ ጀመረ። እንቅርቱ ቀለለ። ከተማው ሁሉ ጠብታ ጠጪ ሆነ፣ በራሱ ልክ እየቀዳ፤ ወዲያው የሚከሳው፣ ልቡ የሚመታው በዛና ኩዋንዴ ራሱ ሰው ያለ ልክ ይወስዳል እያለ መጮኽ ነበረበት። ስዊዘርላንድ ከእንቅርት የተገላገለችው ከዚያ መቶ ዓመት ቆይታ፣ ከ1922 ጀምሮ ያንኑ አዮዲን እጅግ በጥቂቱ ጨው ውስጥ አድርጋ ነው። ወደ ቅርባችን ስንመጣም፣ ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጨዋን በአዮዲን ስታበለጽግ መጠኑ ከፍ ብሎ ስለነበር የታይሮይድ ሆርሞን የበዛባቸው ሕሙማን ቁጥር በግልጽ ጨመረ። ዚምባብዌ ከዚያ በኋላ ጨዋን አልተወችም፤ መጠኑን ነው ያስተካከለችው። እንግዲህ በጨው ውስጥ ያለው እንኳ ልክ ከሚያስፈልገው፣ በጠርሙስ ያለውን እንዴት ለቪዲዮ ትተነው እንሄዳለን?

ሉጎልን አታስገቡ እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከመውጣቱ በፊት ላሉት ጥቂት ቀናት ሐኪሞች ያዙታል፤ ለዚያ ቦታው ነው። ነፍሰ ጡርም ማሟያ አያስፈልጋትም አላልኩም። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር በዚያ አገር ያሉ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች በቀን 150 ማይክሮ ግራም አዮዲን ያለው የእርግዝና ቫይታሚን እንዲወስዱ ይመክራል። ለነፍሰ ጡሮች ተብሎ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመረው 15 ዓይነት ቫይታሚንና ማዕድን የያዘው ፍሬም 150 ማይክሮ ግራም አለው። እኛ ጋ የለመድነው የብረትና የፎሊክ አሲድ ፍሬ ግን አዮዲን የለውም፤ የሚተካበትን ቀን ብታፋጥኑት ማናችንም የምንጠላው አይሆንም። እንግዲህ 150 እና 30,000 አንድ ስም ይዘው፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ «ቫይታሚን» ተብለው ይቀመጣሉ። የባሕር ተክል ዱቄት፣ ኬልፕ የሚባለውም አለ፤ እሱ ደግሞ እንደ ተክሉና እንደ ባሕሩ ይለያያል፣ አንዱ ፍሬ ከሌላው ፍሬ አይገጥምም። ተፈጥሯዊ መባሉ ልክ አያስተካክለውም።

በባሕር ማዶ ላላችሁ እህቶችና ወንድሞችም በዚሁ አንድ ሁለት ቃል ልጣል። ለእናታችሁ ጠብታ ከመላክ የታይሮይድ የደም ምርመራውን፣ ቲ ኤስ ኤች የሚባለውን፣ ብትከፍሉላቸው ይሻላል። ለራሳችሁ ደግሞ፦ ያ የሚያምረው ሮዝ የሂማልያ ጨው በአብዛኛው አዮዲን አልተጨመረበትም፤ በአሜሪካ በታሸገ ምግብ ውስጥ ያለውም ጨው እንዲሁ። ጾም የምትጾሙ፣ በዚያ ላይ ለማርገዝ ያሰባችሁ፣ የጨው ዕቃችሁን ገልብጣችሁ አንብቡት። ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰደው ባዮቲን በብዛት ሲወሰድ የታይሮይድ ምርመራን ውጤት ሊያሳስት ስለሚችል ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት፤ የታይሮይድ ሕመም ሳይኖርባቸው አለባችሁ የሚባሉ ሰዎች በዚህ ምክንያት አሉ።

ወደ እናንተ ልመለስ። እማማን ወደ ሆስፒታል ላክናቸው፤ ጠብታው ቆመ፣ መድኃኒት ተጀመረላቸው፣ አሁንም ክትትል ላይ ናቸው። እሳቸው ጠርሙሱን ይዘው ስለመጡ ነው የታወቀው። ስንቱ «ቫይታሚን» መድኃኒት አይደለም ብሎ ለሐኪሙ ሳይናገር ቀርቶ ይሆን?

የምጠይቀው በሥልጣናችሁ ውስጥ ያለ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ጨው አሽጊው በየከረጢቱ ላይ ሲታሸግ የነበረውን የአዮዲን መጠን በኪሎ በሚሊ ግራም፣ የታሸገበትን ወርና ዓመት፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግል በጉልህ ይጻፍ። ከረጢት ተከፍቶ በጣሳ የሚሸጠው በአንድ ኪሎና በግማሽ ኪሎ እሽግ እንዲተካ የጊዜ ገደብ ይቀመጥ፤ ዋጋው ለድኻው እንዳይንር ደግሞ ከአምራቾቹ ጋር ተነጋገሩ፣ አዮዲኑ ራሱ ውድ አይደለምና። ከአፍዴራ፣ ከጅምላ መጋዘን፣ ከጉሊትና ከቤት ናሙና እየተወሰደ በላቦራቶሪ የተለካው ውጤት በየዓመቱ በየክልሉ ይታተም፤ የወረዳዬ ጨው ስንት እንዳለው ማወቅ ብፈልግ ገልጬ የማነበው ገጽ ይኑር። ለከብት ተብሎ የሚመጣው አሞሌ ለሰው እንደማይሆን ገበያ ላይ ይነገር። የአዮዲን ጠብታና ከ150 ማይክሮ ግራም እጅግ የበለጠ አዮዲን ያለው ማንኛውም እንክብል በመድኃኒት ደረጃ ይመዝገብ፤ «እንቅርት ወይም የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም አይውሰድ» የሚለው በላዩ ይለጠፍ። እኛም ባንኮኒ ላይ ያለን፣ ማዘዣ ለሌለው ላለመሸጥ መመሪያ በእጃችን ቢኖር ደንበኛን ለመመለስ አፋችን አይታሰርም።

ይህ ደብዳቤ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቶ መልስ ቢሰጠው፣ መልሱንም እንደ ደብዳቤው በአደባባይ ብታወጡልን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለአፋር ክልል የጨው አምራቾች
ለጨው አከፋፋዮችና ቸርቻሪዎች
ለመድኃኒት ቤት ባልደረቦቼ